በወጨጫ ተራራ ላይ የታሰረው እግር

ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከኮልፌ ተነሣሁ። ጀርባዬ ላይ የወታደር ቦርሳ፣ እግሬ ላይ ከታናሽ ወንድሜ የወሰድኩት ሸራ ጫማ፣ ኪሴ ውስጥ ደግሞ ሦስት ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ነበረኝ። ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያለ ወረቀት ከከተማ አይወጣም። ወረቀቱ እኔ ሲስተር አስካለ ነርስ መሆኔን፣ ሆስፒታል በሌለበት ቦታ ስለሚሰጥ ሕክምና ለመሠልጠን ለአምስት ቀን ወደ ወጨጫ ተራራ መሄዴን ይመሰክራል። ሦስቱንም ማኅተም ያሰባሰብኩት ራሴ ስለሆንኩ በየመንገዱ እያወጣሁ አየው ነበር።

ለዚህ ሥልጠና የተሟገትኩበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረምሳ ከዚያው ከወጨጫ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያችን አመጡት። እግሩ ከተሰበረ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። የአገሩ ወጌሻ ከመጠን በላይ አጥብቆ ስላሰረው እግሩ ጠቁሯል። እኔ ያደረግኩለት ነገር ቢኖር ካርድ ማውጣትና ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት መጻፍ ነው። እዚያ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ ወጌሻ የሚባል ሰው ሲነሣ ደሜ ይፈላል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ እግር እንዳይቆረጥ አደርጋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ከየጤና ጣቢያው አንድ አንድ ሰው ይላክ ሲባል አለቃዬ "ተራራ ነው፤ ወንድ ቢሄድ ይሻላል" አሉ። "ተራራው የሚሰብረው ወንድ ብቻ ነው እንዴ?" አልኳቸው። ሳቁና ፈረሙ።

ሰኞ፦ ከአየር ጤና እስከ ሰፈሩ

ከኮልፌ አየር ጤና በታክሲ፣ ከአየር ጤና ሰበታ በአውቶቡስ ሄድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት በግ፣ አንድ የታጠፈ አልጋና ከሰው ሁሉ በላይ የሚያወራ ረዳት ነበር። ሰበታ ስደርስ ሌሎቹ ሰባት ሠልጣኞች ሻይ ቤት ተሰብስበው ጠበቁኝ። አንድ ሽሮ ከስሙኒ ተጨማሪ እንጀራ ጋር በላሁና ተነሣን።

አሠልጣኛችን ሻምበል ታደለ ይባላሉ። በጦር ሜዳ ለብዙ ዓመት ያለ ሆስፒታል ያከሙ፣ አጭርና ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ከሠልጣኞቹ ደግሞ ወዲያው ዓይኔ ውስጥ የገባው ነጋሽ ነው። ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ጤና መኮንን ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ጉብዝናውንም ያውቀዋል። ልክ እንደኔ ማለት ነው፤ ለዚህ ይሆናል ገና ሳንተዋወቅ መናቆር የጀመርነው።

ከሰበታ ወጣ እንዳልን ኬላው ላይ ጠባቂው ቦርሳችንን አስፈታ። ገመድ፣ ፋሻ፣ የተላጡ እንጨቶችና ስምንት ጋቢ ተደረደሩ።

"ሐኪሞች ናችሁ?"

"አዎ ጓድ" አለ ነጋሽ።

"በሽተኛው የታለ?"

"በሽተኛ የለም። እርስ በርሳችን ነው የምንታከመው።"

ጠባቂው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። "ጤነኛ ሰው ለመታከም ተራራ ሲወጣ ዛሬ ገና አየሁ" ብሎ አሳለፈን። ሻምበል ሳቃቸውን ለመዋጥ ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነው። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ የገብስ ማሳ፣ ከላይ ጥዱና ኮሶው ይጀምራል። ከኮልፌ ሆኜ በየቀኑ የማየው ሰማያዊ ተራራ ሲጠጉት ጭቃና ድንጋይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደን ጠባቂዎች የተዉት የቆርቆሮ ቤት ደረስን። ሻምበል ገና ቦርሳችንን ሳናወርድ "እዚህ ራጅ የለም፣ አምቡላንስ የለም፣ ዘበኛ የለም። ያላችሁ ዓይናችሁ፣ እጃችሁና ጋቢያችሁ ነው" አሉን።

ሲመሻሽ ሂስና ግለ ሂስ ተደረገ። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፦ በዚያ ዘመን ሰው ተሰብስቦ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ በቀኑ መጨረሻ እያንዳንዱ ተነሥቶ የራሱን ጥፋት ይናገራል፤ ግለ ሂስ ማለት ይኸው ነው። እኛም ተክነንበታል። ጥፋት የማይመስል ጥፋት መርጦ ማቅረብ ነው ሙያው። አንዱ "ሲጋራ አብዝቻለሁ" አለ። ሌላው "ከጓዶቼ ቀድሜ ሻይ ጠጥቻለሁ" አለ። እኔ "ዳገቱ ላይ አጉረምርሜአለሁ" አልኩና ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፦ የአጠና ቋጠሮ

ቀኑን ሙሉ ሠራን። ከሁለት እንጨትና ከአንድ ጋቢ ቃሬዛ መሥራት፣ ብርድ የመታውን ሰው ማሞቅ፣ የምንጭ ውሃ ማጣራት፣ አንገቱ የተጎዳን ሰው ሳያናውጡ መገልበጥ። ከሰዓት በኋላ የተሰበረ እግር በእንጨት ደግፎ ማሰር ተጀመረ።

እዚህ ላይ ጉራዬን ቻሉኝ። አባቴ ኮልፌ ውስጥ አጠና ይነግድ ነበር። ባሕር ዛፍ መኪና ላይ ሲጫን ገመዱ ከላላ አጠናው ተንሸራቶ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ በልጅነቴ ቋጠሮ የተማርኩት ከአባቴ እጅ ነው። ጉልበት አስደግፎ፣ ትንፋሽ ውጦ፣ አንዴ ስቦ መያዝ ነው። ሻምበል ያሰርኩትን እንጨት ይዘው ቢነቀንቁ ፍንክች አላለም።

"እንደ አስካለ እሰሩ" አሉ ለሁሉም።

ደረቴ ተነፋ፤ አልዋሽም። ነጋሽ የራሱን ሦስት ጊዜ ፈትቶ አሰረና ሦስቱንም ጊዜ ላላበት። "አይዞህ፣ አጠና ተራ መጥተህ ትለማመዳለህ" አልኩት። አልሳቀም።

ረቡዕ፦ የደበቅኩት ነገር

ረቡዕ በሁለት ቡድን ተከፍለን የሠራነው ልምምድ ከባድ ነበር። አንዱ ጭኑ የተሰበረ በሽተኛ ይሆናል፣ አንዱ ያስረዋል፣ ሌሎቹ በገደሉ ጠርዝ ሁለት ሰዓት ይሸከሙታል። ዕጣ ሲወጣ በሽተኛው ነጋሽ፣ አሳሪዋ እኔ ሆንን። ሕጉ አንድ ነው፦ ቁስለኛ አይናገርም፣ አይረዳም።

አሰርኩት። ችሎታዬን ለማሳየት ስለቸኮልኩ ጫማውን እንኳ አላወለቅኩም። ገደሉን፣ ጅረቱን፣ የጥዱን ሥር አልፈን ቃሬዛውን ስናወርድ እንጨቱ ንቅንቅ አላለም ነበር። ሻምበል ሌላውን ቡድን ሊያዩ ወደፊት ሄደዋል፤ ተሸካሚዎቹም ውሃ ሊጠጡ ወደ ምንጩ ወርደዋል። ነጋሽ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሲስተር፣ እግሬ የለም" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"አልሰማውም።"

ፈትቼ ጫማውን ሳወልቅ እግሩ ነጭና ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘሁት። የገመዱ መስመር ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ካሰሩ በኋላ የጣቱን ቀለምና ሙቀት ማየት ገና ተማሪ ሳለሁ የተማርኩት ነገር ነው፤ በየቀኑ ለሌላ ሰው የምናገረውም ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም። እንደ አጠና አድርጌ ነበር ያሰርኩት። እያሸሁለት ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ደሙ ተመለሰ፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

"ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"ቁስለኛ አይናገርም ተባለ። ደግሞ አንቺ ፊት አቃስቼ መሳቂያሽ ልሁን?"

በምሽቱ ግለ ሂስ ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። የነጋሽ እግር ነገር አፌ ላይ ነበር። "ጠዋት አርፍጄ ተነሥቻለሁ" አልኩና ተቀመጥኩ። ነጋሽም ተነሥቶ "ጫማዬን አላጸዳሁም" አለ። ሻምበል ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩና ደብተራቸውን ዘጉ። በራሴ አፈርኩ፤ ግን ማንም አላወቀብኝም ብዬ ተጽናናሁ።

ሐሙስ፦ ቶሎሳ ቤት

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። ጫልቱ ትባላለች። ሐኪሞች ጫካው ውስጥ እንዳሉ ሰምታ ነው። ባሏ ቶሎሳ ትናንት ሲመሽ የተቆረጠ ግንድ ተንከባሎበት ጭኑ ተሰብሯል። ወጌሻ አስሮታል፤ ግን ከሌሊቱ ጀምሮ እግሬ እግሬ እያለ ይጮኻል፣ አሁን ደግሞ መጮኹን ትቷል። ይህን ሁሉ የነገረችን በኦሮምኛ ነው። እኔ በልጅነቴ ኮልፌ አጠገብ ቀራንዮ ከኦሮሞ ጎረቤቶች ጋር ስላደግኩ አስተረጎምኩ። መጮኹን ትቷል ስትል ያ የክረምቱ ጎረምሳ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አርባ ደቂቃ ተጉዘን ደረስን። ቤቱ ውስጥ ጎረቤት ሞልቷል። ቶሎሳ መደብ ላይ ተጋድሟል፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ራስጌው ወጌሻው ኦቦ ገመቹ ተቀምጠዋል፤ ጠና ያሉ፣ ጣቶቻቸው ረጃጅም የሆኑ ሰው ናቸው። እግሩ ከዳሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በቀርከሃ ፍልጥ ተደግፎ በጠፍር ታስሯል። ጣቶቹ አብጠዋል፣ ወይን ጠጅ መስለዋል። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭኜ ለቀቅኩ። የሄደው ቀለም ቶሎ አልተመለሰም። ጥቂት ሰዓት ከዘገየ ይኼም እግር ይቆረጣል።

ነጋሽ መቀሱን አወጣ። ወዲያው ወንዶቹ ሁሉ ብድግ አሉ። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙና "ያሰረው ሰው ሳይፈታ ሌላ ሰው እጁን አያስገባም። እዚህ ወጉ እንዲህ ነው" አሉ። አስተረጎምኩ።

"እግሩ እየሞተ ነው በያቸው" አለ ነጋሽ። መቀሱን አላስቀመጠም።

ሻምበል ወደ እኔ ዞሩ። "አስካለ፣ ቋንቋው ያለሽ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ምላሴ ላይ የነበረው ቃል መጥፎ ነው። እርስዎ ነዎት እግር የሚያስቆርጡት ልላቸው ነበር፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ያጠራቀምኩት ነው። ግን ዓይኔ ጠፍሩ ላይ አረፈ። ሥራው ሥራ ነው። አጥንቱ ቀጥ ብሏል፣ ከላይም ከታችም መገጣጠሚያው ተይዟል፣ ቋጠሮው ንቅንቅ አይልም። የእኔ ቋጠሮ ነበር። እኔ ራሴ ያሰርኩት ነው የሚመስለው። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "ኦቦ ገመቹ፣ እኔም አሳሪ ነኝ" አልኳቸው። "ሰዎቹ ሁሉ እንደ እሷ እሰሩ ይባላሉ። ትናንት የዚህን ልጅ ጤነኛ እግር አሰርኩ፤ በጣም አጠበቅኩት። እግሩን ሳላይለት ሁለት ሰዓት ቆየ። ለአለቃዬም አልነገርኩም፤ ዛሬ እርስዎ ፊት ነው የምናገረው።"

ያልኩትን ለሻምበል በአማርኛ ደገምኩት። ድምፄ ቤቱን ሞላው፤ አፈርኩ፣ ቀለለኝም። ነጋሽን አየሁት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። የገመዱ መስመር አሁንም ቀልቶ ይታይ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው በጣታቸው መስመሩን ተከተሉት። "ሁለት ሰዓት ነው ያልሽው?"

"ሁለት ሰዓት።"

"ይኼ ከትናንት ምሽት ጀምሮ ነው" አሉ ወደ ቶሎሳ እግር እያዩ። ወደ እኔ ዞረው "አንቺ መጥበቁን በምን ታውቂዋለሽ? አጥንት ካልጠበቀ አይያዝም" አሉኝ።

እጃቸውን ያዝኩና የራሳቸውን አውራ ጣት ጥፍር ተጫንኩ። ነጣ፤ ስለቅቀው ቀላ። "አንድ፣ ሁለት፤ ተመለሰ" አልኩ። ቀጥሎ ጣታቸውን የቶሎሳ ጥፍር ላይ አስቀመጥኩት። ተጫኑ፣ ለቀቁ። ቆጠሩ። ስድስት ድረስ ቆጠሩና አቆሙ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ ጠፍሩን በገዛ እጃቸው መፍታት ጀመሩ።

ሻምበል እግሩን ቀጥ አድርገው ሳቡ፣ እኔ ጭኑን ያዝኩ፣ ነጋሽ ከቀርከሃው ሥር ጥጥና የተቀደደ ጋቢ ወተፈ። ቀርከሃውን አልጣልነውም፤ ከኛ እንጨት ይሻላል። ኦቦ ገመቹ መልሰው ሲያስሩ ጣቴ ጠፍሩ ሥር መግባቱን እያየሁ እሺ አልኳቸው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ዘጠኝ ባለሙያና አንድ ቤት ሙሉ ጎረቤት የአንድ ሰው አውራ ጣት ላይ አፍጥጠን ቆምን።

ቶሎሳ ድንገት መጮኽ ጀመረ። ጫልቱ ደነገጠች።

"ተዪው ይጩኽ። እግሩ መልሶ ሲሰማው ነው" አሉ ኦቦ ገመቹ። ጥፍሩን ተጫኑ። በሦስት ተመለሰ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ነጋሽ ከቤት ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ፤ አየሁት፣ አላሾፍኩበትም።

ቁልቁለቱና ከተማው

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣን። እኛ የተማርነውን አሸካከም ልናሳይ ተሰልፈን ነበር። የመንደሩ ወንዶች ግን ቃሬዛውን ከእጃችን ወሰዱት። ተሸካሚ የሚቀየረው ሳይቆሙ ነው፤ አንዱ ትከሻውን ሲያወጣ ሌላው ያስገባል፣ ቃሬዛው አይናወጥም። ሻምበል ደብተራቸውን አውጥተው እየተራመዱ ይጽፉ ነበር። በየሩብ ሰዓቱ ኦቦ ገመቹ ያስቆሙና ጥፍሩን ይጫናሉ። "ሁለት!" ብለው ወደ ኋላ ይጠሩኛል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በእሳቸውም በራሴም ኮራሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ መናገሻ ከተማ፣ ከአምቦው መንገድ ደረስን። ጤፍ የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና አስቆምን። ሹፌሩ ቶሎሳን አየና ለረዳቱ "ውረድ፣ ጆንያውን አመቻች" አለው። ሒሳብ ስንለው ተቆጣ። ጫልቱ፣ ኦቦ ገመቹ፣ ሻምበል፣ ነጋሽና እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጠን በቡራዩ በአስኮ ወደ አዲስ አበባ ገባን።

ሆስፒታል ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ፣ እግሩን መርምሮ አሥር ሰዓት ላይ ወጣ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ "ይኼን ማን ነው ያሰረው?"

ነጋሽ መሬት አየ። እኔም ጥያቄው ለነቀፋ ይሁን ለምስጋና ባይገባኝም ለኦቦ ገመቹ አስተረጎምኩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡ።

"እኔ ነኝ። በመጀመሪያ አጥብቄበት ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ፈትቼ አላላሁት" አሉ። ራሳቸው ቀና እንዳለ ነው።

ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ሐኪሙ ትንሽ አያቸውና "እግሩ ይተርፋል በያቸው። አጥንቱንም ሳይዛባ ነው ያመጣችሁት" አለኝ። ይህንን ገና ሳልተረጉምላቸው ጫልቱ ከፊቴ ተረድታ እጄን ይዛ ሳመችው።

ግቢው ውስጥ ሻምበልን ለብቻቸው አገኘኋቸው። "ስለ ነጋሽ እግር ትናንት ማታ መናገር ነበረብኝ" አልኳቸው።

"ትናንት ማታ ሲያነክስ አይቼው ነበር" አሉኝ። "ዛሬ ጠዋት ልጠይቅሽ ነበር። ቀደምሽኝ።" የምስክር ወረቀቴን እዚያው ቆመው ፈረሙልኝ። አንድ ቀን ቀርቶ ነበር፤ "የቀረ ትምህርት የለም" አሉ።

ኮልፌ

ጫልቱ ከባሏ ጋር አደረች። ኦቦ ገመቹ ግን ከተማ ውስጥ ዘመድ ስለሌላቸው እኛ ቤት እንዲያድሩ ይዣቸው በታክሲ ወደ ኮልፌ ሄድኩ። ሴይቼንቶ በምትባለው ትንሽ ታክሲ ውስጥ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ መጥቶ፣ መስኮቱን ይዘው ከተማውን ያያሉ። አራት ቀን ሙሉ የማሰር ጥበብ ልማር ሄጄ ነበር። ተምሬ የመጣሁት ግን ካሰርኩ በኋላ ያሰርኩትን ማየት፣ ስሕተቴንም እግሩ ሳይሞት መናገር ነው። ከእንግዲህ ነርስ ሳስተምር የመጀመሪያው ትምህርት የነጋሽ እግር ይሆናል፤ ስሜንም አልደብቅም። እንደዚያ ቀን በሙያዬ ኮርቼ አላውቅም።

ያኔ እንግዳ ሲያድር ቀበሌ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ጽሕፈት ቤቱ ሳይዘጋ ደረስን። ጸሐፊው ሰፈራችን ያደገ ልጅ ነው። ትልቁን መዝገብ ገለጠ።

"ስም?"

ነገርኩት።

"ከየት?"

"ከወጨጫ ማዶ።"

የኦቦ ገመቹን ጭቃ የነካ እግር አየና ሳይጠይቅ ሥራ በሚለው ቦታ "ገበሬ" ብሎ ጻፈ።

"ገበሬ ናቸው፤ እውነት ነው። ግን ጨምርበት፣ የአጥንት ሐኪም" አልኩት።

"የት ተምረው?"

"አንተ ጻፍ።"

ጻፈ። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አነሣ። "ሲስተር፣ ለአንቺ ምንሽ ናቸው?"

ኦቦ ገመቹ ምን እንደጠየቀኝ በኦሮምኛ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ መልሴንም ጨምሬ። ፈገግ አሉና በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሬ "የሥራ ባልደረባ" አልኩት። ጽፎ ማኅተሙን እስኪያሳርፍበት ድረስ ከጠረጴዛው አልተንቀሳቀስኩም።